ጋዛል ምንድን ነው?

ጋዛል የኡርዱ ተናጋሪዎች አብዝተው የሚወዱት የግጥም ዓይነት ነው። መነሻው ዐረብኛ ሲሆን በፋርስኛ አድጎ ህንድ ገባ። የሚገጠመው በሁለት ሁለት ስንኝ ነው፤ ጥንዱን ሼር ይሉታል።

እኔን የሚገርመኝ እያንዳንዱ ሼር ራሱን ችሎ መቆሙ ነው። አንዱ ስለ ፍቅር ይናገራል፣ ቀጣዩ ስለ ሞት። የሚያያይዛቸው ምጣኔውና ቤት አመታቱ ብቻ ነው።

የኡርዱ ገጣሚውን የሚርዛ ጋሊብን አንድ ታዋቂ ጋዛል እንይ። ሲጀምር እንዲህ ይላል፦ እያንዳንዱ ነፍስ የሚያስወጣ ሺህ ምኞት አለኝ፤ ብዙው ተሳካልኝ፣ እሱም አነሰኝ። በኡርዱ አንዱ ስንኝ «ደም ኒክሌ» ብሎ ያበቃል፣ ሌላው «ከም ኒክሌ»። ሳይለወጥ የሚደጋገመው «ኒክሌ» ራዲፍ ይባላል። ከፊቱ ቤት የሚመቱት «ደም» እና «ከም» ደግሞ ቃፊያ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ይህ አመታት የሚመጣው በየሼሩ ሁለተኛ ስንኝ ላይ ነው። ሙሻይራ በሚባለው የግጥም ጉባኤ አድማጩ ይጠብቀዋል፤ አንዳንዴም ቃሉን ከገጣሚው ጋር አብሮ ይለዋል።

በመጨረሻው ሼር ገጣሚው የብዕር ስሙን ያስገባል። እዚሁ ጋዛል ላይ ሐሳቡ ይህ ነው፦ ጋሊብ ሆይ፣ የመጠጥ ቤት በርና ሰባኪው ምን አገናኛቸው? ይህን ብቻ አውቃለሁ፤ ትናንት እኛ ስንወጣ እሱ እየገባ ነበር። ምኞት ብሎ የጀመረው ግጥም እዚህ ደረሰ፤ ቅር የሚለው ሰው ግን የለም።

የጋሊብ ሙሉ ስም አሳዱላህ ቤግ ካን ነው። እ.ኤ.አ. በ1797 ህንድ ውስጥ አግራ ተወለደ፣ በ13 ዓመቱ አገባ፣ ኑሮውን ዴልሂ አደረገ። ከሰባት ልጆቹ አንዱም ከሕፃንነት አላለፈም። ዕዳ አልለቀቀውም። የጡረታ ገንዘቡን ለማስከበር እስከ ካልካታ ድረስ ሄዶ ተከራከረ፣ አልተሳካለትም። በ1847 በቁማር ታሰረ። በ1854 ህንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት የመጨረሻ ንጉሥ የባሃዱር ሻህ ዛፋር የግጥም መምህር ሆነ፤ ያም ብዙ አልቆየም። ህንዶች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ካነሡት የ1857ቱ አመፅ በኋላ እንግሊዞች ንጉሡን በርማ ወዳለችው ራንጉን አጋዙት። ጋሊብ ዴልሂ ቀርቶ የከተማዋን ውድመት ለወዳጆቹ በደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤዎቹ እንደ ጨዋታ የሚፈስ ቋንቋ ስላላቸው የኡርዱን ዝርው ጽሑፍ ለውጠዋል። በ1869 አረፈ።

እሱ አብልጦ የሚኮራው በፋርስኛ ግጥሞቹ ነበር። ዛሬ በህንድና በፓኪስታን ሰዎች በቃላቸው የሚጠቅሱት፣ ዘፋኞችም የሚያዜሙት ግን የኡርዱ ጋዛሎቹን ነው።