ብረት መሳይ ሬዚን፦ የአሮጌ ብረት ቅብ ሙያ

በፊልምና በቲያትር ሥራ «ፕሮፕ» የሚባለው ተዋናዩ በእጁ የሚይዘው ወይም መድረክ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ሰይፍ፣ ቁልፍ፣ ዘውድ፣ ሽጉጥ፣ ምን የሌለ አለ። ብረት መስለው ከሚታዩት ብዙዎቹ ግን ብረት አይደሉም። ሬዚን ናቸው። ሬዚን ፈሳሽ ሆኖ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ይጨመርና እዚያው የሚጠጥር ፕላስቲክ ነው። ከሞልዱ ሲወጣ የልጅ መጫወቻ ይመስላል። የመቶ ዓመት ዝገት የሚያለብሰው ቀቢው ነው። ስሙ ፊልሙ መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል ያልፋል፣ ካለፈም ነው።

ርካሹን ውድ ማስመሰል አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የጄሶ ሐውልትን ነሐስ ማስመሰል የተለመደ ነበር። በጣም የሚታወቀው ምሳሌ ግን የኦስካር ሽልማት ነው። ሽልማቱ መሰጠት የጀመረው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። ሐውልቱ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመትና 3.8 ኪሎ ገደማ ክብደት አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ሲጠፋ ለሦስት ዓመት የተሰጠው ቀለም የተቀባ ጄሶ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ አሸናፊዎቹ ጄሶውን መልሰው በወርቅ የተለበጠውን ወስደዋል። የፊልም ዓለም ትልቁ ሽልማት ራሱ አንድ ሰሞን ፕሮፕ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ሙያ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ፖሊዩሬቴን ሬዚን መነሻው ጀርመን ነው። ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ የፖሊዩሬቴንን ኬሚስትሪ ያገኙት በ1937 እ.ኤ.አ. ነው።

ሬዚኑ በሁለት ጠርሙስ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ እኩል በእኩል ይቀላቀላል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞቅና ይጠጥራል። ጠላቱ እርጥበት ነው። አንደኛው ጠርሙስ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ከውሃ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጥራል። ያኔ ሬዚኑ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ዕቃውም በቀዳዳ ተሞልቶ ይወጣል። በክረምት፣ ክዳኑ ተከፍቶ በከረመ ጠርሙስ መሥራት ገንዘብ መድፋት ነው። ትነቱም ለሳንባ ጥሩ አይደለም። የጨርቅ ማስክ አያድንም፣ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል።

ቅቡ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ገና ቀለም ሳይነካው ነው። ዕቃው ከሞልዱ በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚነፋው ቅባት ላዩ ላይ ይቀራል። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ሳሙና ካልታጠበ ቀለሙ በጥፍር ይላጣል። ከታጠበ በኋላ የሞልዱ መጋጠሚያ መስመር በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ይህ መስመር ከቀረ የፈለገ ቢቀባ ፕላስቲክነቱን ያጋልጣል። ከዚያ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ የሚያደርግ የመጀመሪያ ቅብ) ይነፋል።

አንድ የድሮ የበር ቁልፍ እንውሰድ፤ ያንን ትልቁን፣ ኪስ የሚቀደውን። መጀመሪያ ሁለመናው ጥቁር ይቀባል። ሲደርቅ ብረት ከለር በስሱ ይነፋበታል። በዚህ ደረጃ ቁልፉ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ቀጥሎ ጥቁርና ቡና ቀለም በደንብ ቀጥኖ ይፈስበታል፣ ሳይደርቅም በጨርቅ ይጠረጋል። ጎድጓዳው ቆሻሻውን ይዞ ይቀራል። ይህን «ዎሽ» ይሉታል። በመጨረሻ ብሩሹ ብረት ከለር ይነከርና ደረቅ እስኪል በጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ዳሰስ ዳሰስ ይደረጋል።

ግን የትኛውን ጠርዝ? ሙያው ያለው እዚህ ጋ ነው። አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ያበራል። የጥርሶቹ ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ሲፋተግ ስለኖረ ያበራል። የቀለበቱ ውስጥ፣ ሚስማር ላይ ሲንጠለጠል የሚነካው በኩል፣ ያበራል። ዝገቱ የሚቀመጠው ግንዱና ቀለበቱ በሚገናኙበት፣ እጅ በማይደርስበት ስርቻ ነው። የቆየ የእጅ መስቀል የተሳለመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ብዙ ግንባርና ከንፈር የነካው ቦታ ለስልሶ ያበራል፣ ሐረጉ ውስጥ ግን ጥቁር ነው። ጀማሪ ሁሉንም ቦታ እኩል ያቆሽሻል። ያ አሮጌ ሳይሆን ጭቃ ውስጥ የወደቀ ይመስላል።

እያንዳንዱ ብረት የሚያረጅበት ቀለም ደግሞ የራሱ ነው። የብረት አዲስ ዝገት ብርቱካናማ፣ የቆየው ጥቁር ቡና ነው። መዳብና ነሐስ መጀመሪያ ይጠቁራሉ፣ ኋላ አረንጓዴ ያወጣሉ። ብር ይጠቁራል። ንጹሕ ወርቅ አይዝግም፣ ስለዚህ የወርቅ ዘውድ ላይ ዝገት የሚቀባ ሰው ሊጠየቅ ይገባል።

የተላጠ ቀለም ለማሳየት ጨው ይረዳል። ዕቃው መጀመሪያ የዝገት ቀለም ይቀባል፣ ይረጥባል፣ ጨው ይነሰነስበታል፣ ከላይ ሌላ ቀለም ይነፋል። ሲደርቅ ጨው ሲራገፍ ከሥር ዝገቱ ብቅ ይላል።

ሌላው መንገድ ቀዝቃዛ ካስቲንግ ነው። የነሐስ ወይም የአሉሚኒየም ዱቄት ሞልዱ ውስጥ ይቀባል፣ ከሬዚኑም ጋር ይቀላቀላል። ከጠጠረ በኋላ በቀጭን የብረት ሱፍ ሲታሽ እውነተኛው ዱቄት ያበራል። የቱ ይሻላል የሚለው ያከራክራል። ቀዝቃዛው ካስቲንግ ቢጫርም ከሥሩ ነጭ አይወጣም፣ ይህ ሐቅ ነው። በካሜራ ፊት ግን ጥሩ ቅብ የሚያንስ አይመስለኝም፣ ዋጋውም ረከስ ይላል።

ክብደት ግን በቅብ አይመጣም። ብረት በተመሳሳይ መጠን የሬዚንን ሰባት እጥፍ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ አንዳንዱ ዕቃ ሲፈስ መሃሉ ላይ የብረት ዘንግ ይገባል። ካልገባ ተዋናዩ ክብደቱን መተወን አለበት።

ማጠናቀቂያው ቨርኒሽ ነው። ሙሉ በሙሉ ማት (የማያንጸባርቅ) የሆነው ብረት ከለሩን ግራጫ ያደርገዋል፣ ከፊል አንጸባራቂው ይመረጣል። እንዲያም ሆኖ በእጅ ሲነካካ ይሳሳል። ስለዚህ ቀቢው ከመጀመሪያው ቀን ቀለም ትንሽ በብልቃጥ ያስቀራል፣ ዕቃውንም ከየአቅጣጫው ፎቶ ያነሳል። የዛሬው ቀረጻ ከሳምንት በፊቱ ጋር ሲቀጠል ጭረቱ ቦታ መቀየር የለበትም።