የፊልም ዘፈን እንዴት ይቀዳል?

በሙዚቃዊ ፊልም ውስጥ ተዋናይዋ ስትዘፍን የሚታየው ምስልና የሚሰማው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ቀን፣ የተለያየ ቦታ፣ አንዳንዴም የተለያየ ሰው ሥራ ነው። ዘፈኑ አስቀድሞ በስቱዲዮ ይቀዳል፤ ፊልሙ ሲነሳ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ ተዋንያኑም እየሰሙ ከንፈራቸውን ከግጥሙ ጋር ያስማማሉ። በሆሊውድ የዚህ አሠራር በር ከፋች ተደርጎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1929 የወጣው «ዘ ብሮድዌይ ሜሎዲ» ነው። አንድ የጭፈራ ትዕይንት እንደገና እንዲነሳ ሲወሰን፣ የድምፅ ባለሙያው ዳግላስ ሺረር ሙዚቃው እንከን ስለሌለው ኦርኬስትራውን ዳግም መጥራት እንደማያስፈልግ ሐሳብ አቀረበ፤ ጨፋሪዎቹም የተቀዳውን እየሰሙ ጨፈሩ።

ጥቅሙ ወዲያው ታየ። ጨፋሪው ቢያለከልክም ዘፈኑ አይቆራረጥም። ምስሉ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢነሳ ሁሉም የሚከተለው ያንኑ ሙዚቃ ስለሆነ አርታኢው ቆርጦ ማገጣጠም አይቸግረውም። ከብዙ ሙከራዎችም የተሻለው ሐረግ እየተመረጠ አንድ ወጥ ዘፈን ይሠራል።

ኦርኬስትራውና ድምፁ በየራሳቸው ትራክ (የተለያየ የድምፅ መስመር) መቀዳት ሲጀምሩ ደግሞ ሌላ ዕድል ተከፈተ፤ ሙዚቃው ሳይነካ ዘፋኙን ብቻ መተካት ተቻለ። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1961 ከወጣው «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ማሪያን ሆና የተወነችው ናታሊ ውድ ዘፈኖቿን ራሷ ቀድታ ነበር፤ በመጨረሻ ግን በፊልሙ የተሰማው የዘፋኟ የማርኒ ኒክሰን ድምፅ ነው። ኒክሰን ምስሉን እየተመለከተች፣ የሌላ ሰው ከንፈር ቀድሞ በወሰነው ፍጥነት መዝፈን ነበረባት። ድምፆች በሚደራረቡበት የኅብረት ዘፈን ደግሞ የማሪያን ብቻ ሳይሆን የሌላዋን ገጸ ባሕርይ የአኒታንም ክፍል ዘፍናለች፤ አንዲት ሴት ከራሷ ጋር ተቀባበለች ማለት ነው። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው፤ ስሟ ግን በፊልሙ የባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ አልገባም። አቀናባሪው ሌናርድ በርንስታይን ከራሱ የአልበም ድርሻ ሩብ በመቶ ሰጣት።

«ዘ ኪንግ ኤንድ አይ» (እ.ኤ.አ. 1956) ላይ መተካቱ ይበልጥ ረቂቅ ነበር። ተዋናይዋ ዴቦራ ኬርና ኒክሰን በስቱዲዮ አብረው ሠርተው፣ በአንድ ዘፈን ውስጥ ኬር የንግግሩን፣ ኒክሰን የዜማውን ክፍል ይዘዋል። መጋጠሚያው በጆሮ አይለይም።

ሁሉም ግን ይህን መንገድ አልወደደውም። ተዋናዩ ሬክስ ሃሪሰን በ«ማይ ፌር ሌዲ» (እ.ኤ.አ. 1964) ለተቀዳ ድምፅ ከንፈሩን ማስማማት እምቢ በማለቱ፣ ገመድ አልባ ማይክሮፎን በከረባቱ ተደብቆ በካሜራ ፊት ዘፈነ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ሌ ሚዜራብል» ሲሠራም ተዋንያኑ በጆሮ ማዳመጫ ፒያኖ እየሰሙ በቦታው ዘፈኑ፤ ኦርኬስትራው በኋላ ተጨመረ።

የስቱዲዮ ድምፅ ያለ ማስተካከያ ከምስሉ ተነጥሎ ይሰማል። ስለዚህ በማደባለቁ ጊዜ የቦታውን ስፋት የሚመጥን ማስተጋባት ይሰጠዋል፤ የእግር ኮቴና የልብስ መንኮሻኮሽ ይታከልበታል።

ሆሊውድ የደበቀውን ሙያ የቦምቤይ ፊልም ዓለም በአደባባይ አከበረው። የሕንድ ፊልም ሲያይ ያደገ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ከተዋናይዋ ከንፈር ሲወጣ የሰማው ድምፅ የዘፋኞቹ የላታ ማንጌሽካር ወይም የአሻ ቦስሌ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሴቶች ስማቸው በፖስተርና በሸክላ ላይ የሚጻፍ፣ ራሳቸውን የቻሉ ዝነኞች ነበሩ። የሕንዱ የፊልምፌር ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1959 ለእንዲህ ያሉ ድምፃውያን የራሳቸውን ዘርፍ ሲከፍት የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ላታ ነበረች።