አንድ ምጣድ ስንት ይጋግራል? ስለ አነስተኛ ንግድ ግብ የሚታመኑ ስህተቶችና እውነታው

ስለ ግብ ሲወራ የሚሰማው ስለ ራእይና ስለ ጽናት ነው። ባለ አንድ ምጣድ ነጋዴን የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው፤ የያዘው ቁጥር ከምጣዱ፣ ከሰዓቱና ከኪሱ ጋር አይተዋወቅም። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች እንጀራ ጋግራ ለሱቅና ለምግብ ቤት በምታስረክብ አንዲት ነጋዴ ሒሳብ እናያቸዋለን። የብሩ አኃዝ ለማሳያ የተወሰደ ስለሆነ የሰፈርዎን ዋጋ አስገብተው ያስሉት።

«ግብ ትልቅ ካልሆነ ሰውን አያተጋም»

«ዘንድሮ በቀን 300 እንጀራ!» ማለት ደስ ይላል። ሊጡን ማዞር፣ መክደን፣ እስኪበስል መጠበቅ፣ በሰፌድ ማውጣትና ምጣዱን ማሰስ ተደምሮ ለአንድ እንጀራ 3 ደቂቃ ቢፈጅ ግን በሰዓት የሚወጣው 20 ነው። 6 ሰዓት ሲጋገር 120። 300 ለመድረስ 15 ሰዓት እሳት ዳር መቆም ያስፈልጋል፣ ያውም መብራት ካልጠፋ። እሳት ጨምሮ ማቻኮልም አያዋጣም፤ ሥሩ ያርራል፣ ላዩ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል።

ሁለተኛው ገደብ ሊጡ ነው። ሊጥ ኮምጥጦ እስኪደርስ 2 ወይም 3 ቀን ይወስዳል፣ በክረምት ብርድ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ ቅዳሜ ስንት እንደሚጋገር የሚወሰነው ረቡዕ ነው። ዓርብ ማታ በስልክ የመጣን ትልቅ ትዕዛዝ እሺ ብሎ ሊጡን ያለጊዜው ምጣድ ላይ ማዋል አፍለኛ እንጀራ ያወጣል፤ ምግብ ቤቱም ይመልሰዋል።

ታዲያ መነሻው ቁጥር ከየት ይምጣ? የ6 ቀን ምርት በሰዓት ተለክቶ ይጻፍ፤ የተቀደደውና ያረረው አይቆጠር። ስድስቱ ቁጥሮች ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደርደሩና አራተኛው ይወሰድ። ብዙ ሰው የሚወስደው የመጀመሪያውን፣ ማለትም የዓውዳመት ዋዜማውን ነው። በየወሩ «ግቤን ሳትሁ» የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

«ሽያጭ ካደገ ትርፉ ራሱ ይከተላል»

ትልቁ ጥፋት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። አንዱ እንጀራ 25 ብር ይሸጣል እንበል። ጤፉ፣ ወፍጮው፣ መብራቱ፣ ፌስታሉና ማጓጓዣው ለአንዱ 19 ብር ይፈጃሉ። የሚቀረው 6 ብር ነው። ቢጋገርም ባይጋገርም የማይቀረው የወር ወጪ ደግሞ ኪራይ 9,000፣ የረዳት ደመወዝ 7,000፣ የነጋዴዋ የራሷ ደመወዝ 8,000 ነው፤ ድምሩ 24,000 ብር። (የራስን ድካም ሳይቆጥሩ «አተረፍኩ» ማለት የተለመደ ነው፤ ተቀጥሮ ለሚሠራው ክፍያ እንደሚገባው ሁሉ ለነጋዴዋም ይገባታል።)

24,000 ለ6 ሲካፈል በወር 4,000 እንጀራ ይመጣል። በ26 የሥራ ቀን ሲካፈል 154 በቀን። ምጣዱ የሚሰጠው ግን 120 ነው። በቀን 120 እየሸጠች በወር የሚቀራት 18,720 ብር ስለሆነ በየወሩ 5,280 ብር ይጎድላታል። ኪራዩና የረዳቷ ደመወዝ አይዘሉምና ጉድለቱ የሚወጣው ሳይታወቃት ከራሷ 8,000 ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ግብ የሚመረጠው፦ በቀን 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል መጨመር፣ ሁለተኛ ምጣድ መግዛት፣ ወይም ዋጋውን መንካት።

ሌላም አለ። አድሮ የተመለሰ አንድ እንጀራ 19 ብር ያስከፍላል፤ ያንን ለመመለስ ከ3 በላይ ደህና እንጀራ መሸጥ አለበት። ድርቆሽ ሆኖ ቢሸጥ ትንሽ ያካክሳል እንጂ አይሞላም። በቀን 10 ተመላሽ ላለባት ነጋዴ «ተመላሹን ወደ 4 ማውረድ» የሚለው ግብ «30 እንጀራ መጨመር» ከሚለው ይቀላታል፤ ሁለተኛ ምጣድም አይጠይቅም። ለዚያ የሚያስፈልገው ለየሱቁ ስንት እንደሄደና ስንት እንደተመለሰ ለይቶ መጻፍ ነው። ሁልጊዜ የሚመልሰው አንድ ወይም ሁለት ሱቅ ሆኖ ይገኛል።

ዱቤም እንደ ሽያጭ ይቆጠራል፣ ጤፍ ግን በዱቤ ላይገኝ ይችላል። በቀን 30 እንጀራ ወስዶ በየ13 የሥራ ቀኑ የሚከፍል ምግብ ቤት 9,750 ብር ይዞ ይቆያል። ያ ገንዘብ የሚቀጥለው ጤፍ መግዣ ነበር።

«ዋጋ ከጨመርኩ ደንበኛ ይሸሻል፣ ግቤ ብዛት ብቻ ነው»

ዋጋው 27 ብር ቢሆን ከአንዱ የሚቀረው 8 ብር ነው። 24,000 ለ8 ሲካፈል 3,000 ይሆናል፤ በቀን 116። ይህ እንግዲህ አንዱ ምጣድ የሚችለው ነው። የሚሸሽ ደንበኛ አይጠፋም፤ ነገር ግን በ27 ብር 90 እንጀራ መሸጥና በ25 ብር 120 መሸጥ የሚተርፈው እኩል 18,720 ነው። ሽያጩ በቀን በ30 እንጀራ ቢቀንስ እንኳ ካለፈው ወር በታች አይወርዱም፤ የእሳቱ ሰዓት ግን በቀን አንድ ተኩል ይቀንሳል። ጭማሪውን ከዓውዳመት ሰሞን ማራቅና ለቋሚ ተረካቢዎች ከሳምንት በፊት መንገር ይሻላል።

«የዓመቱን ግብ ለ12 ማካፈል በቂ ነው»

የእኛ ወራት እኩል አይደሉም። ወተት፣ ቅቤ ወይም ሥጋ የሚሸጥ ሰው በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም፣ ከኅዳር 15 በሚጀምረው ጾመ ነቢያትና በፍልሰታ ገበያው እንደሚቀዘቅዝ ያውቀዋል፤ ግቡን ሲጽፍ ግን ይረሳዋል። እንጀራ በጾምም ይበላል፣ የሠርግ ትዕዛዝ ግን ጥር ላይ ይጎርፍና በዐቢይ ጾም ይቆማል፣ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ ያምናው ወር ለዘንድሮ አይሠራም። ጤፍ በክረምት ይወደዳል፣ አዲሱ ምርት ሲገባ ረገብ ይላል። ሐምሌ የግብር ክፍያና የንግድ ፈቃድ እድሳት ወሬ የሚበዛበት ነው፤ ለግብር የሚቀመጠው ድርሻ ከላይ ካለው ከማይቀረው ወጪ ጋር ቢደመር ሰኔ ላይ ብድር ፍለጋ አይወጣም። ጳጉሜን ደግሞ የወር ኪራይና ደመወዝ በአብዛኛው ስለማይታሰብባት ከእያንዳንዱ እንጀራ የሚቀረው ሙሉ በሙሉ ይተርፋል፤ ምጣድ ለማስጠገን ጥሩ ሰሞን ናት።

«ቁጥሩ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ»

የለም። አንድ ደብተር፣ አራት ዓምድ፦ የተጋገረ፣ የተሸጠ፣ የተመለሰ፣ በዱቤ የወጣ። ማታ 5 ደቂቃ ይበቃል። የሱቁ ገንዘብ በቴሌብር የሚገባ ከሆነ ለቤት አስቤዛ ከዚያው እየከፈሉ የወሩን ሽያጭ ከስልክ አነባለሁ ማለት ዋጋ የለውም።

«ግብን መቀየር ሽንፈት ነው»

የጤፍ ዋጋ ሲቀየር 19 የሚለው ቁጥር ይቀየራል፤ ያን ቀን 116 የሚለው ግብ ውሸት ሆኗል፣ እንደገና ይካፈል። አንድ ሳምንት ገበያ ስለቀዘቀዘ ብቻ ግን አይነካ።

«እቁብ ከገባሁ ግቤን መታሁ»

እቁብ የሚጣለው ከሽያጭ ሳይሆን ከሚቀረው ነው። በ27 ብር 120 ብትሸጥ በቀን የሚቀራት 960 ነው፤ የማይቀረው ወጪ የቀን ድርሻ 923። ትርፉ 37 ብር። የራሷን የቀን ደመወዝ 308 ሙሉውን ብትጨምር እንኳ 345። በቀን የ500 ብር እቁብ ብትገባ ቀሪው 155 ብር የሚመጣው ከጤፍ መግዣው ነው፤ በ26 ቀን 4,030 ብር። መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ጤፉን በኩንታል መግዛት ቀርቶ በኪሎ መግዛት ሲጀመር ነው፤ በኪሎ ሲገዛ ደግሞ 19 የነበረው ወጪ ራሱ ይንራል።

ቀኑም መታየት አለበት። ሁለተኛው ምጣድ የሚፈለገው ለጥር ሠርግ ከሆነ፣ የካቲት ላይ የወጣ እጣ ለዘንድሮ አይደርስም። ኅዳር ላይ ለዳኛው ቀድሞ ነግሮ፣ እጣው ከሚወጣለት ሰው ላይ መግዛት ወይም ተራ መለዋወጥ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ነው፤ ዋሱንም ያኔውኑ ማዘጋጀት።