ስለ እንቁራሪት ሽል እና ስለ ተጓዥ ሴሎች በስህተት የሚታመኑ ነገሮች

«ሽል የሚያድገው ሴሎች እየተከፈሉ ስለሚበዙ ነው፤ በቃ።»

የትምህርት ቤቱ ሥዕል እንደዚያ ያስመስላል፦ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት። ዜኖፐስ በምትባለው አፍሪካዊት እንቁራሪት ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሽሉ ምንም አይተልቅም። ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጠው እንቁላል በሺዎች ወደሚቆጠሩ ሴሎች ይሸነሸናል እንጂ። ከተዳቀለ 10 ሰዓት ገደማ ሲያልፈው ነው ዋናው ጉዞ የሚጀምረው፦ ውጭ የነበሩ ሴሎች ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ አንጀት የሚሆነው፣ ጡንቻ የሚሆነው፣ ቆዳ የሚሆነው ቦታ ቦታውን ይይዛል።

«የእንቁራሪት ሽል ለምርምር የተመረጠው ውስጡ ስለሚታይ ነው።»

አይታይም! አስኳል ስለሞላበት ብርሃን አያሳልፍም። የተመረጠው ትልቅ ስለሆነ፣ ውሃ ውስጥ ከእናቱ ውጭ ስለሚያድግና ቢቆርጡት ቁስሉ ቶሎ ስለሚድን ነው።

«ሴሎቹን ሌላ ነገር ይጎትታቸዋል።»

የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሬይ ኬለር የሽሉን የጀርባ ክፍል ቆርጦ ለብቻው ሳህን ላይ አሳደገው። እዚያም በራሱ ረዘመ። ሴሎቹ በጎረቤቶቻቸው መሀል እየተሸጎጡ ይገባሉ፤ ባለ ሁለት ረድፍ ሰልፍ አንድ ረድፍ ሲሆን እንደሚረዝመው፣ ክፍሉ እየጠበበ ይረዝማል። ኃይሉ ከራሳቸው ነው።

«መንገድ የሚያሳያቸው ኬሚካል ብቻ ነው።»

ኬሚካል ድርሻ አለው፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን ኒውራል ክረስት የሚባሉትን ሴሎች እንይ፤ የፊት አጥንት፣ ነርቭና የቆዳ ቀለም ሴሎች የሚወጡት ከእነሱ ነው። በ2018 የወጣ የለንደን ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ እነዚህ ሴሎች ጉዞ የሚጀምሩት ከሥራቸው ያለው የሌሎች ሴሎች ንጣፍ ሲጠነክር ነው። ንጣፉን ሲያለሰልሱት ባሉበት ቀሩ፣ ቀድመው ሲያጠነክሩት ከጊዜያቸው በፊት ተነሱ። ንጣፉ የሚጠነክረው ደግሞ የራሱ ሴሎች እየተሸጎጡ ስለሚጠጋጉ ነው። የአንዱ ወገን ጉዞ ለሌላው የመነሻ ምልክት ይሆናል ማለት ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

«የእንቁራሪት ነገር ለሰው ምን ያደርጋል?»

ብዙ። በእንቁራሪት ሽል ይህን መሸጎጥ ሲከለክሉት፣ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ ሳይዘጋ ይቀራል። በሰው ይህ ችግር ጀርባ ላይ ሲደርስ ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው፣ ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ የሚወለድበት ችግር ይከሰታል፤ በአገራችን ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው ሕመም ነው። ከእርግዝና በፊት ጀምሮ የሚወሰድ ፎሊክ አሲድ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል። ቱቦው ለመዘጋት የትኛው የሴሎች እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልገው ካስተማሩን እንስሳት አንዷ ግን ይህች እንቁራሪት ናት።