ሬጅመንት ምንድን ነው? «ስንት ሰው ነው?» እያሉ ለሚያባዙ

«ዋተርሎ ላይ 2ኛው የናሳው (የጀርመን ግዛት) ሬጅመንት ሁጉሞን የተባለውን የእርሻ ግቢ ይዞ ነበር፤ ሬጅመንት ደግሞ 3 ሺህ ሰው ስለሆነ…» ብሎ የሚቀጥል ተንታኝ፣ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። ሬጅመንት የቁጥር ስም አይደለም። ናፖሊዮን በተሸነፈበት በዋተርሎ ውጊያ ዕለት፣ ሰኔ 18 ቀን 1815 (ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በሁጉሞን የነበረውም ሬጅመንቱ ሳይሆን ከሦስት ሻለቆቹ (ባታሊዮኖቹ) አንዱ፣ 800 ሰው ገደማ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ሻለቆች ከጦር መስመሩ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ፓፕሎት በሚባለው እርሻ በኩል፣ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነበር።

ሬጅመንት ጎተራ ነው፤ ሻለቃ ቁና። ጎተራ ሲሞላም ጎተራ ነው፤ አይጥ ጨርሶት ሥሩ ላይ ሁለት ጭብጥ ሲቀርም ያው ጎተራ ነው። ሬጅመንት ምልምል ይቀበላል፣ ያለብሳል፣ መዝገብ ይይዛል፣ የጎደለውን ይሞላል፣ ባንዲራና ስም ይሰጣል። ወደ ገበያ የሚወጣው እህል ግን በቁና ተሰፍሮ ነው፤ አንዱ ቁና ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ቢሄድ ጎተራው አይቆጣም።

ለምን በሻለቃ? ነገሩ የድምፅ ጉዳይ ነው። 600 ሰው በ3 ረድፍ ሲሰለፍ በአንዱ ረድፍ 200 ሰው ጎን ለጎን ይቆማል። ክንድ ለክንድ ተጠጋግተው ለአንዱ 55 ሴንቲ ሜትር ቢደርሰው ግንባሩ 110 ሜትር ይሆናል። በባሩድ ጭስ መካከል በፈረስ የተቀመጠ አዛዥ ጉሮሮና ከበሮው የሚደርሰው ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሦስቱን ሻለቆች በአንድ ጩኸት ማዞር የሚችል ኮሎኔል አልነበረም፤ ትእዛዙን በፈረሰኛ መልእክተኛ ይልካል፣ መልእክተኛው እስኪደርስ ነገሩ ተለውጦ ይጠብቀዋል።

ቁናም ከገበያ ገበያ ይለያያል። በ1808 የወጣው የፈረንሳይ ደንብ ለሻለቃ 6 ሻምበል (የሻለቃው ንዑስ ክፍል)፣ ለሻምበል 140 ሰው መደበ፤ በሬጅመንት 4 የሚዘምቱ ሻለቆችና አንድ የማሰልጠኛ ሻለቃ። በዚያው ዓመት የተቋቋሙት የናሳው ሬጅመንቶች ቅርጹን ተከትለው (1 የግሬናዲየር ማለትም የምርጥ እግረኛ፣ 1 የቮልቲዠር ማለትም የቀላል እግረኛ፣ 4 የፉዚሊየር ማለትም የመደበኛ እግረኛ ሻምበል) የየራሳቸው 2 ሻለቃ ብቻ ነበራቸው። ፕሩሲያ ከ1808 ማሻሻያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሬጅመንት 2 የሙስኬቲየር (መደበኛ እግረኛ)፣ 1 የፉዚሊየር (በእነርሱ ዘንድ ቀላል እግረኛ) ሻለቃና 2 የግሬናዲየር ሻምበል ሰጠች፤ ግሬናዲየሮቹን ግን በጦርነት ጊዜ ወስዳ ከሌላ ሬጅመንት ግሬናዲየሮች ጋር ትቀላቅላቸው ነበር። እንግዲህ «ሬጅመንት = 3 ሺህ» የትኛው ላይ ነው የሚሠራው?

ጎተራው ባለቤትም ይቀይራል። 2ኛው ናሳው ከ1808 ጀምሮ በስፔን ለናፖሊዮን ሲዋጋ ቆይቶ ታኅሣሥ 10 ቀን 1813 በፈረንሳይ ከተማ ባዮን አጠገብ በኮሎኔል ክሩዘ መሪነት ወደ እንግሊዞች ተሻገረ። በካታሎኒያ የነበረውን 1ኛውን ሬጅመንት ፈረንሳዮች ትጥቁን አስፈቱት። በ1815 2ኛው 3 ሻለቃ ሆኖ በኔዘርላንድስ ጦር ሥር ዋተርሎ ደረሰ። አረንጓዴው ልብስ ግን የፈረንሳይ ስፌት እንደያዘ ስለነበር ፓፕሎት ላይ ለእርዳታ የመጡት ፕሩሲያውያን ጠላት መስሏቸው ተኮሱባቸው።

አንድ ብርጌድ ውስጥ፣ በአንድ ባንዲራ ሥር እንኳ ሻለቃ ከሻለቃ በመሣሪያ ይለያል። 2ኛው ናሳው የነበረበት ብርጌድ አዛዥ ልዑል በርንሃርት፣ ከዋተርሎ ሁለት ቀን በፊት በተደረገው የካትር ብራ ውጊያ ዋዜማ ለበላዩ ሲጽፍ፣ በዚያው ብርጌድ የነበረው የኦራንዥ-ናሳው ሬጅመንት 2ኛ ሻለቃ የፈረንሳይ ጠመንጃ እንደያዘና ለአንድ ሰው 10 ጥይት ብቻ እንዳለው አመልክቷል። «ሬጅመንቱ ጥይት ነበረው» ብሎ መጻፍ ለእነዚያ ሰዎች ምንም አይጠቅምም።

ቁጥር ለሚደምሩ፦ የእንግሊዝ የሰው ኃይል ዝርዝር ብዙ ጊዜ ተራ ወታደርና ኮርፖራል ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ መኮንን፣ ሳጅንና ከበሮ መቺ ለመጨመር አንድ ስምንተኛ ገደማ ያክሉ። የሌሎቹ ዝርዝር ሁሉንም የሚያጠቃልልበት ጊዜ አለና ሁለቱን ሳያስተካክሉ አታነጻጽሩ።

ወደ አማርኛ ስትመልሱም ሬጅመንትን «ክፍለ ጦር» አትበሉት፤ ያ ዲቪዥን ነው። «ሻለቃ»ም አትበሉት፤ ቁናውን ጎተራ ማለት ነው። በእኛ ቃል ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ሻለቃም ሻምበልም የማዕረግም የክፍልም ስም ናቸው። ሁጉሞን ላይ ሻለቃውን የመራው ሻምበል ቡስገን ነው፤ በማዕረግ ሻምበል፣ በሥራ የሻለቃ አዛዥ። ስለዚህ «የ2ኛው ናሳው ሬጅመንት 1ኛ ሻለቃ» ብሎ ሙሉውን መጻፍ ይሻላል።

ከሁጉሞን በስተምሥራቅ ላ ኤ ሴንት የተባለውን እርሻ የያዙት ጀርመኖችስ የየትኛው ሬጅመንት ነበሩ? የማንም። በእንግሊዝ ንጉሥ የጀርመን ሌጌዎን ውስጥ እግረኛው በሬጅመንት አልተዋቀረም፤ እያንዳንዱ ሻለቃ ራሱን የቻለ ነበር። ላ ኤ ሴንትን የያዙት፣ የአዛዣቸው የባሪንግ ሰዎች፣ የ2ኛው ቀላል ሻለቃ ነበሩ፤ ውጊያው ሲጀመር 400 እንኳ አይሞሉም።