በቤት ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም አልጌን መቆጣጠር

አልጌ የሌለበት የጨው ውሃ አኳሪየም የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ድንጋዩን በሐምራዊና በሮዝ ቅርፊት የሚያለብሰው ኮራላይን አልጌ ተፈላጊ ነው። በብዙ ኮራሎች አካል ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎችም በብርሃን ከሚሠሩት ምግብ ለኮራሉ ያካፍሉታል። አስቸጋሪ የሚባለው ከልክ በላይ ተንሰራፍቶ ድንጋዩንና አሸዋውን የሚወርሰው፣ ኮራልን የሚያፍነው ዓይነት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አዲስ በተሞላ አኳሪየም ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ዲያቶም የሚባለው ጥቃቅን አልጌ ነው። በአሸዋውና በመስታወቱ ላይ ቡናማ ብናኝ ሆኖ ይወጣል፤ ለቅርፊቱ የሚጠቀምበት ሲሊኬት የተባለ ማዕድን ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ከዚያ አረንጓዴው ፀጉር አልጌ ይከተላል። ከፀጉር አልጌ ጋር የሚምታታው ብራዮፕሲስ ቅርንጫፎቹ እንደ ላባ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ሲሆን ለመንቀል እጅግ አስቸጋሪ ነው። ቫሎኒያ የሚያብረቀርቁ አረንጓዴ ኳሶች ይሠራል። ቀዩ ስስ ሽፋን ደግሞ አልጌ ቢባልም ሳይኖባክቴሪያ የሚባል የባክቴሪያ ወገን ነው። ከሁሉም ይበልጥ የሚያሠጋው ዲኖፍላጀሌት የተባለው ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ነው፤ የአየር አረፋ ያዘለ ቡናማ ዝልግልግ ክር ሆኖ ይታያል፣ ሌሊት ይቀንሳል፣ ሲነጋ ይመለሳል። ኦስትሪዮፕሲስ የተባለው ወገኑ መርዛማ በመሆኑ የበሉትን ቀንድ አውጣዎች ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከማናቸውም እርምጃ በፊት በማይክሮስኮፕ አይቶ መለየት ይመከራል፤ አንዱን የሚያጠፋው ዘዴ ሌላውን ሊያባብስ ይችላልና።

መንስኤው በአብዛኛው አልጌው የሚመገባቸው ንጥረ ነገሮች፣ ናይትሬትና ፎስፌት ናቸው። ሁለቱም በዋናነት የሚገቡት ለዓሣው በሚሰጠው ምግብ በኩል ነው። በትነት የጎደለውን ለመተካት የቧንቧ ውሃ የሚጨምር ሰው ፎስፌትና ሲሊኬት አብሮ ሊጨምር ስለሚችል፣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በስስ ወንፊት በማሳለፍ) እና በአዮን መለዋወጫ ሙጫ የተጣራ ውሃ መጠቀም የተለመደ ነው። ድንጋዩም ምንጭ ይሆናል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ፎስፌትን ይዞ ያቆይና በውሃው ውስጥ ያለው ሲቀንስ መልሶ ይለቅቃል። ውሃው እየተቀየረም አልጌው ለወራት የሚዘልቀው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

የመለኪያው ውጤት በጥንቃቄ መነበብ አለበት። አልጌ በወረሰው አኳሪየም ፎስፌት ዜሮ ሆኖ ቢገኝ ንጥረ ነገር የለም ማለት አይደለም፤ የገባውን ሁሉ አልጌው እየወሰደው ነው። ብዙ አርቢዎች ናይትሬትን ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌትን ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር ያቆያሉ። ሁለቱንም ጨርሶ ዜሮ ማድረግ ዲኖፍላጀሌትን እንደሚጋብዝ ከአርቢዎች ልምድ በሰፊው ይነገራል፤ አሠራሩ ግን ገና ያከራክራል። የውቅያኖስ ተመራማሪው አልፍሬድ ሬድፊልድ በ1934 ባወጣው ጥናት ላይ የተመሠረተው 106 ካርቦን፣ 16 ናይትሮጅን፣ 1 ፎስፎረስ የሚለው ምጣኔም በዚህ ክርክር ደጋግሞ ይጠቀሳል። ምጣኔው የተገኘው ከውቅያኖስ ፕላንክተን ስለሆነ እንደ ጥብቅ ሕግ ባይያዝ ይሻላል።

ንጥረ ነገርን ለማውጣት የተሞከሩት መንገዶች የትርፍ ጊዜ ሥራውን ታሪክ ራሱን ይነግራሉ። ጃካርታ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ በ1961 በሕያው ድንጋይ (ባክቴሪያና ጥቃቅን ፍጥረታት በሚኖሩበት የባሕር ድንጋይ) እና በአየር አረፋ ብቻ የሚተዳደር አኳሪየሙን አስተዋወቀ። በኋላ የበርሊን አርቢዎች ሕያው ድንጋዩን በአረፋ ቆሻሻ ከሚለቅመው ፕሮቲን ስኪመር ጋር አጣመሩት፤ ዛሬም ብዙው የኮራል አኳሪየም የሚሠራው በዚህ መሠረት ነው።

የአልጌን ጉልበት በአልጌ ላይ የማዋሉን ሐሳብ ግን ከፍ አድርጎ ያሳየው በአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪ የነበረው ዋልተር አዴይ ነው። በ1982 የፈጠራ መብት ያገኘበት የአልጌ ማጣሪያ አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሻካራ መረብ፣ በላዩ የሚወርድ ስስ ውሃ፣ ኃይለኛ ብርሃን። አልጌው ከዋናው አኳሪየም ይልቅ በመረቡ ላይ ይበቅላል፤ ባለቤቱ በየጊዜው ይፍቀዋል፤ ከአልጌው ጋር ናይትሬቱና ፎስፌቱ ከውሃው ይወጣል። ዘዴው በአውስትራሊያው የታውንስቪል ትልቅ የኮራል አኳሪየምና በአሜሪካው ዝግ የምርምር ሥፍራ በባዮስፌር 2 ሰው ሠራሽ ባሕር ሥራ ላይ ውሏል። ውሃውን ቢጫ ያደርጋል የሚል ወቀሳ ተነሥቶበታል፤ ቀለምን የሚመጠውን አክቲቬትድ ካርቦን በሚጠቀም ሰው ዘንድ ግን ወቀሳው ብዙም ክብደት የለውም። ሰው በእጁ ይዞ የሚያየው ምርት የሚሰጥ ሌላ ማጣሪያ እምብዛም የለም። በሪፉጂየም (ከዋናው አኳሪየም ጋር በተያያዘ ሌላ ገንዳ) ውስጥ ኬቶሞርፋ የተባለውን አልጌ ማሳደግም የዚሁ ሐሳብ ቅርንጫፍ ነው፤ መብራቱ ሌሊት ሲበራ የፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) መውረድንም ያለዝባል።

ከእነዚህ ሌላ፣ በማጣሪያ ውስጥ የሚደረግ ብረት ኦክሳይድ ፎስፌትን ይይዛል። ቮድካን የመሰለ የካርቦን ምንጭ በጥቂቱ መጨመር ባክቴሪያን ያራባና ባክቴሪያው ንጥረ ነገሩን ይወስዳል፤ መጠኑ ካለፈ ውሃው ኦክስጅን ያጣል።

ንጥረ ነገርን ከማውጣት ቀጥሎ ሁለተኛው ትልቅ ኃይል አልጌ በል እንስሳ ነው። ለዚህ ባሕሩ ራሱ ምስክር ነው። በ1983 መጀመሪያ ፓናማ አካባቢ የጀመረ ወረርሽኝ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ አልጌ በሊውን የካሪቢያን ባለረጅም እሾህ የባሕር ጃርት ከ90 በመቶ በላይ ፈጀው። ጃማይካ ቀድሞም አልጌ በሊ ዓሦቿ በአሥጋሪዎች ተመናምነው፣ ኮራሏም በ1980 አውሎ ነፋስ ተጎድቶ ነበር። በ1977 ግማሽ ያህል የነበረው የኮራል ሽፋኗ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 3 በመቶ ወርዶ አልጌው ከ90 በመቶ በላይ ሸፈነ።

በአኳሪየምም ሥራው ይከፋፈላል። ትሮከስ ቀንድ አውጣ መስታወትና ድንጋይ ይግጣል፤ ቢገለበጥም ራሱን ማቃናት ስለሚችል ተርቦ ከሚባለው ቀንድ አውጣ ይመረጣል። የባሕር ጃርት እስከ ድንጋዩ ድረስ ይፍቃል፣ ኮራላይኑንም ጭምር። አረንጓዴው ሸርጣን ሚትራኩሉስ ቫሎኒያን እንደሚበላ ይነገርለታል፤ ሁሉም ግን እኩል አይበላም። ከዓሣ ወገን ቢጫ ታንግና ፎክስፌስ ጥሩ በሊዎች ናቸው፤ ሰፊ የመዋኛ ቦታ ስለሚሹ ለትንሽ አኳሪየም እነሱን መግዛት በደል ነው። ቢጫ ታንግ በ2015 ሃዋይ ውስጥ በእርባታ መገኘቱ ለባሕሩም ለአርቢውም ትልቅ የምሥራች ነበር። የረዘመ ፀጉር አልጌን ግን አብዛኞቹ ስለማይነኩት መጀመሪያ በእጅ ነቅሎ የተነቀለውን በቱቦ ስቦ ማውጣት ያስፈልጋል።

መድኃኒት የመጨረሻ አማራጭ ነው። ፍሉኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት በሊትር 5 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሰጥ ብራዮፕሲስን እንደሚያጠፋ በርካታ አርቢዎች አይተዋል። ኤሪትሮማይሲን ሳይኖባክቴሪያን ይገድላል፤ ጠቃሚ ባክቴሪያንም ሊነካ ይችላል። የሞተው አልጌ ያልወጣ እንደሆነ የያዘውን ሁሉ ወደ ውሃው ይመልሳል።

ከአኳሪየም የወጣ አልጌ የት እንደሚጣል ማወቅም የቁጥጥሩ አካል ነው። በ1984 ኮለርፓ ታክሲፎሊያ የተባለች አረንጓዴ የአኳሪየም አልጌ በሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ሥር አንድ ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይዛ ተገኘች። ከቁራጭ የምትራባውና ብርድ የምትችለው ይህች ዝርያ በኋላ በሜዲትራኒያን ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ አዳረሰች። ሙዚየሙ ከእኔ አልወጣችም ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ በ1998 የወጣው የዘር ምርመራ ግን ከአኳሪየም ዝርያ ጋር አንድ መሆኗን አሳየ። በ2000 በካሊፎርኒያ አጉዋ ሄዲዮንዳ ሐይቅ ስትገኝ በሸራ ተሸፍና በክሎሪን ተወጋች፤ መጥፋቷ የታወጀው በ2006 ነው። ግዛቲቱ በ2001 በርካታ የኮለርፓ ዝርያዎችን መሸጥና መያዝ ከልክላለች። የታጨደ አልጌ ወደ ባሕር፣ ወንዝ ወይም የጎርፍ መውረጃ አይጣልም፤ ቢያንስ 24 ሰዓት በማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ ከቆየ በኋላ በፕላስቲክ ታስሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይወገዳል።