«አተረፈ ወይስ ከሰረ?» ብቻውን አይበቃም

ሜክሲኮና ካዛንቺስ አካባቢ ማኪያቶ ይዘው ስለ ቴክኖሎጂ ኩባንያ የሚያወሩ ሰዎች ቶሎ የሚጠይቁት አተረፈ ወይስ ከሰረ ብለው ነው። ምርቱ በየትኛው ዕድሜው ላይ እንዳለ ካልተጠየቀ ግን መልሱ ስለ ኩባንያው ቅልጥፍና ያሳስታል። አራት የተለመዱ አባባሎችን እንይ።

«የሚከስር ኩባንያ ቅልጥፍና የለውም»

እውነታው፦ በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2021 ለኢትዮጵያ የቴሌኮም ፈቃድ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው በ2022 ነው። የኔትወርክ ማማ አስቀድሞ ይተከላል፣ ገቢው ቆይቶ ይመጣል። ይህን ኩባንያ መሠረቱ በምኒልክ ዘመን ከተጣለው ኢትዮ ቴሌኮም ጋር በዓመት ትርፍ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ይልቅ አንድ ማማ ስንት ደንበኛ ያገለግላል? አንድ አዲስ ደንበኛ ለማምጣት የሚወጣው ወጪስ እየቀነሰ ነው? አማዞንም በ1994 ተመሥርቶ የመጀመሪያውን የሩብ ዓመት ትርፍ ያየው በ2001 መጨረሻ ነው።

«ብዙ ያተረፈ ቀልጣፋ ነው»

እውነታው፦ የበሰለ ምርት ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው በትናንት ልፋት ነው። ማሽኑ ተከፍሎ አልቋል፣ ደንበኛውም ለምዶታል። ኖኪያ አይፎን በወጣበት በ2007 የገበያው ንጉሥ ነበር። ፒያሳ ስልክ ቤት ገብቶ ኖኪያ የማይጠይቅ ማን ነበር? በ2013 ግን የስልክ ንግዱን ለማይክሮሶፍት ለመሸጥ ተስማማ።

«ገቢን ለሠራተኛ ቁጥር ማካፈል ይበቃል»

እዚህ ላይ ብዙ ሥራ አስኪያጆች ይሳሳታሉ። አንድ የሶፍትዌር ቤት እናስብ። ሦስት ሰዎች የቆየ የደመወዝ ሶፍትዌር ይጠግናሉ፤ ስምንት ሰዎች ገና ያልተሸጠ አፕ ይሠራሉ። ገቢው ለአሥራ አንድ ሲካፈል የሁለቱም ቡድን እውነት ይጠፋል። ስምንቱ ሰነፍ ይባላሉ፣ በጀታቸው ይቆረጣል፣ ቤቱም ነገ የሚሸጠው ያጣል። ያሳዝናል።

ቻርነስ፣ ኩፐርና ሮድስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 ያቀረቡት የቅልጥፍና መለኪያ ዘዴ ብዙ ግብዓትና ብዙ ውጤት አንድ ላይ አይቶ፣ እያንዳንዱን ከምርጦቹ ጋር ይመዝናል። እሱም ቢሆን ጀማሪውንና የበሰለውን አንድ ላይ ከጨመሩበት ጀማሪውን ይበድላል። እኩያን ከእኩያ ነው ማወዳደር።

«የምርምር ገንዘብ ብክነት ነው»

እውነታው፦ በዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ የምርምር ወጪ የሚመዘገበው በወጣበት ዓመት ነው። ፍሬው ግን ከዓመታት በኋላ ይመጣል። ስለዚህ የዘንድሮ ሽያጭ ሲለካ ከጎኑ መቀመጥ ያለበት ለዚያ ምርት ከዓመታት በፊት የወጣው የምርምር ወጪ ነው።